ጫጩቶቼ ጣታቸው ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ በቁርጭምጭሚታቸው ይቀመጣሉ፣ የዶሮ ሰው ካለ ይድረስልኝ (ደሴ)

የጦሳ ስር
ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ነኝ፣ ሆጤ አካባቢ። ዶሮ ስይዝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ሳሶ የሚባለውን የዶሮ ዝርያ 300 የአንድ ቀን ጫጩት አስመጥቼ እስከ 45 ቀን አሳድጌ ልሸጥ ነበር ሐሳቤ። ዛሬ 18ኛ ቀናቸው ነው። እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ምንም አልነበረባቸውም። የሞቱት 7 ብቻ ናቸው፣ እነሱም በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ከሰሉን እስካቀጣጥል ተደራርበው ነው የሞቱት።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ውሃ ልቀይር ስገባ አንዷ አልነሳም አለች። ተኝታ መስሎኝ በእጄ ገፋ ሳደርጋት ክንፏን እያርገበገበች በቁርጭምጭሚቷ ነው የሄደችው፣ ልክ ሰው በጉልበቱ እንደሚሄደው። በማግስቱ 5 ሆኑ። ዛሬ ስቆጥር 23። ሰፈር ያለ አንድ ልጅ ስጥ ብሎኝ ኦክሲ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ሦስት ቀን ሰጠሁ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፣ የዕቁብ ብር ነው ያፈሰስኩበት።

ሰኞ ገበያ
ወንድሜ አትልፋ ፈንግል ነው። እኛ ሰፈር ሲገባ አንድም አላስተረፈም። የቀሩትን ቶሎ ሽጥ።

ቦርከና ዳር
ኧረ ተው! ፈንግል ነው እያልክ ሽጥ ትለዋለህ? ፈንግል ከሆነ እኮ የሰው ቤት ነው የምታስጨርሰው።

የጦሳ ስር፣ አብሽር፣ ትንሽ ጥያቄ ልጠይቅህ። ኮምቦልቻ ነኝ፣ የእንስሳት ጤና ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። አንደኛ፣ የተያዙት ዓይናቸው ንቁ ነው ወይስ ያንቀላፋሉ? መኖ ብታቀርብላቸው ይበላሉ? ኩሳቸውስ፣ አረንጓዴ ወይም ደም ያለበት ነው? ሲተነፍሱ ይንኮራኮራሉ? ጣታቸው የታጠፈው በሁለቱም እግር ነው በአንዱ? ደግሞ ዋናው፣ ምን ነበር የምታበላቸው? ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ሳትደብቅ ንገረኝ።

የጦሳ ስር
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አንዷን ይዤ ነው የምጽፍልዎት። ዓይኗ ፍጥጥ ያለ ነው፣ ስልኩንም ልትቆነጥረው ነበር። መኖ ሳቀርብላት ትበላለች፣ ግን እዚያው ተቀምጣ ነው። ኩሷ ደህና ነው፣ አተነፋፈሷም ሰላም ነው። ጣቶቿ በሁለቱም እግር ወደ ውስጥ ተጠቅልለዋል፣ ጨቅላ ልጅ እጁን ጨብጦ እንደሚተኛው ዓይነት። በጣቴ ቀጥ ሳደርጋቸው ይዘረጋሉ፣ ስለቃቸው ተመልሰው ይጠቀለላሉ።

መኖ ላይ እውነቱን ልናገር። ፋብሪካ የሠራውን የጫጩት መኖ አንድ ባለ 25 ኪሎ ከረጢት ገዛሁ፣ በ6 ቀን አለቀ። ዋጋው ከበደኝና ከ7ኛው ቀን ጀምሮ ራሴ ቀላቀልኩ። በቆሎ አስፈጭቼ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ትንሽ ፉርሽካ፣ ጨው። ፕሪሚክስ የሚባለውን የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል ጠይቄ ነበር፣ የሸጠልኝ ሰው «እሱ ለትልልቅ ፋርም ነው፣ አንተ ምን ያደርግልሃል» አለኝ፣ እኔም ተውኩት።

ቦርከና ዳር
በቃ፣ ያ ነገር ነው።

ያየኸው የቫይታሚን ቢ2 እጥረት ነው የሚመስለው፣ ሪቦፍላቪን የሚሉት። ጫጩት ሲወለድ ከአስኳሉ ትንሽ ስንቅ ይዞ ይወጣል፣ ፋብሪካ መኖው ደግሞ 6 ቀን አቆየልህ። ከዚያ በኋላ የሰጠኸው በብዛት በቆሎ ነው። ጫጩት በ1 ኪሎ መኖ ውስጥ ወደ 3.6 ሚሊግራም ቢ2 ይፈልጋል፣ በቆሎ ያለው ግን ወደ 1 ሚሊግራም ነው። ሆዳቸው ሞልቶ ነው የተራቡት። እግር ላይ የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ያብጣል፣ ጣት የሚዘረጉት ጡንቻዎች ትእዛዝ አይደርሳቸውም፣ ስለዚህ ጣቱ ይጠቀለላል። ጭንቅላቷ ደህና ስለሆነ ነው ስልክህን ልትቆነጥር የደረሰችው። ፈንግል ቢሆን እንዲህ ፍጥጥ አትልም፣ በአንድ ጊዜም ብዙ ይሞትብህ ነበር። ማሬክስ የሚባለውን ነርቭ የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ ብንል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ ዕድሜ በኋላ ነው የሚመጣው፣ እግርም አንዱን ወደፊት አንዱን ወደኋላ አድርጎ ነው የሚዘረጋው። ለማንኛውም ያስመጣህበትን ቦታ የማሬክስ ክትባት በመጀመሪያው ቀን ወስደው እንደሆነ ጠይቅ።

ኦክሲውን አቁም። የረሃብ መድኃኒት አይደለም።

አሁን ዛሬውኑ የምታደርገው፦ የተያዙትን ለይተህ በካርቶን አድርግ፣ ከሥሩ የጤፍ ጭድ ወይም ሰጋቱራ። ሊሾ ወይም ጋዜጣ ላይ እንዳታስቀምጣቸው፣ እግራቸው ይንሸራተትና ሌላ ጣጣ ይመጣል። ውሃና መኖ አፍንጫቸው ሥር ይሁን። እነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የሚሞቱት በቫይታሚን እጥረቱ ሳይሆን መጠጫው ጋ መድረስ አቅቷቸውና ሌሎቹ እየረገጧቸው ነው። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ውሃ ላይ የሚበጠበጥ ቫይታሚን ግዛ፣ ቢ2 እንዳለበት ጀርባውን አንብብ፣ መጠኑን ልክ እንደተጻፈው። ለሁሉም ስጥ፣ ለተያዙት ብቻ አይደለም። በየቀኑ አዲስ በጥብጥ፣ የተረፈውን ድፋ። መጠጫውን ከመስኮቱ ፊት አንሳው፣ ቢ2 ብርሃን አይወድም፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ጥቅሙን ያጣል።

መኖውን ደግሞ ቀይር። ውሃው ማስታገሻ ነው፣ ቤቱ የሚቃጠለው ከከረጢቱ ነው።

እማማ ሰልማ
ልጆቼ፣ እኔ ኩታበር ሳድግ እናቴ ጫጩት ስታሳድግ የምን ፕሪሚክስ፣ የምን ቫይታሚን። ክክ ጥሬ በተን ታደርግላቸዋለች፣ በቃ። አንድም ቀን ጣቱ የተጠቀለለ አላየሁም። እናንተ በመድኃኒት ነው የምታበላሿቸው።

ቦርከና ዳር
እትዬ፣ አልዋሹም፣ ያሉት እውነት ነው። ግን እስቲ ያስታውሱ፣ ጥሬውን በትነውላቸው ከዚያ የት ይሄዱ ነበር? እናቲቱ ዶሮ ይዛቸው ጓሮ ወጥታ ፍግ ትጭርላቸዋለች። ትል አለ፣ ጉንዳን አለ፣ የጎመን ቅጠል ይቦጭቃሉ፣ ፀሐይ ላይ ይዘረጋሉ። ጥሬው ቁርሳቸው ብቻ ነበር። የዚህ ልጅ ጫጩቶች ግን ከተወለዱ ጀምሮ አራት ግድግዳ ነው የሚያውቁት። እሱ ያልሰጣቸውን ነገር ከየትም አያገኙም። ከረጢቱ ውስጥ ከሌለ፣ ዓለም ላይ የለም ማለት ነው ለነሱ።

እማማ ሰልማ
እሱስ እውነት ነው። እናቴ አጓትም ትሰጣቸው ነበር፣ አሁን ትዝ አለኝ። ቅቤ በተናጠ ቀን።

ቦርከና ዳር
እትዬ አጓት ማለት እኮ ራሱ የቢ2 ጎተራ ነው! ያ አረንጓዴ ቢጫ ቀለሙ አለ አይደል፣ እሱ ራሱ ሪቦፍላቪኑ ነው። እናትዎ ሳያውቁ ዶክተር ነበሩ። ጉበትም እንዲሁ፣ ቀቅሎ አድቅቆ መስጠት። እርሾም። ብቻ ለ300 ጫጩት አጓት ከየት ይመጣል፣ ለ10 ለ15 ይሆናል።

ገራዶ 77
እኔም ልናገር፣ ካቃጠለኝ ሰነበተ። አምና ክረምት 150 ጫጩት ነበረኝ። ደሴን ታውቃላችሁ፣ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ነው ያለነው፣ ሐምሌ ላይ ጉሙ በር ድረስ ይመጣል። ብርዱን ፈርቼ ክፍሉን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ አምፖል ሰቅዬ አንድ ወር ሙሉ ውጭ ሳያዩ አሳደግኩ። በ4ኛው ሳምንት መራመድ አቃታቸው። እንደዚህ ልጅ ጣት አልተጠቀለለም፣ እግራቸው ነው የከዳቸው፣ ደገፍ ደገፍ እያሉ ቁጭ። አንዱን አንስቼ አፉን ልከፍት መንቁሩን ስይዘው ታጠፈ! ወላሂ እንደ ማስቲካ ነው የታጠፈው። ደነገጥኩ።

መኖው ፕሪሚክስ ነበረው፣ ግን ከመቼ ጀምሮ መደብር እንደተቀመጠ አላህ ይወቀው። ቫይታሚን ዲ3 ሰጠሁ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲወጣ በርብራብ እያወጣሁ አሰጣኋቸው። መንቁራቸው በሳምንት ውስጥ ጠነከረ። የአንዳንዶቹ ደረት አጥንት ግን ጎብጦ ቀረ።

የጦሳ ስር
ገራዶ፣ በመስኮት መስታወት የሚገባው ፀሐይ አይበቃም እንዴ? እኔ ያለሁበት ክፍል ጠዋት ጥሩ ፀሐይ ይገባዋል።

ገራዶ 77
እኔም እሱን ነበር የማስበው። አይበቃም፣ መስታወት ያንን ዲ የሚሠራውን ጨረር ያስቀረዋል። ሙቀት ብቻ ነው የምታገኘው።

ሐረጎ ቁልቁል
ደሴ ዘንድሮም በብርድ ነው ወሬዋ 😂 ኮምቦልቻ ኑ፣ 25 ኪሎሜትር ናት፣ ሐረጎን ወረድ ስትሉ ሹራብ ታወልቃላችሁ። ጫጩቶቻችሁም እንደዚሁ።

ቁም ነገር ልናገር ግን። እኔ ሞኝነቴን ልንገራችሁ ሌላው እንዳይሠራው። ትልልቅ እንቁላል ጣዮች አሉኝ፣ ጫጩትም አመጣሁ። «መኖ መኖ ነው» ብዬ የእንቁላል ጣይ መኖውን ፈጨት አድርጌ ለጫጩቶቹ ሰጠኋቸው። 3 ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው መሞት ጀመሩ። አንዱን ከፈትኩት፣ ልቡና ጉበቱ ላይ ኖራ የተነሰነሰ ይመስላል፣ ነጭ። የጣይ መኖ ውስጥ ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ነው፣ ለቅርፊት። ጫጩት የሚፈልገው 1 በመቶ አካባቢ ነው። ኩላሊቱ አይችለውም። እጥረት ብቻ ሳይሆን ትርፉም ይገድላል ለማለት ነው።

ሰኞ ገበያ
እኔ ግን አንድ ነገር ልበል። እዚህ ቤት ሁሉም ነገር ቫይታሚን ሆነ። መድኃኒት ቤቶቹ ይጠቀማሉ በዚህ። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ስጥ፣ ፌጦ ጨምርበት፣ ይድናል።

ቦርከና ዳር
ሰኞ ገበያ፣ ነጭ ሽንኩርት አልጠላም፣ ዶሮ ወጥ ላይ ደስ ይለኛል። ነርቭ ግን አይጠግንም። ቫይታሚን እንደ መድኃኒት አትየው፣ ከምግቡ የጎደለ ምግብ ነው የምንመልሰው። ደግሞም እውነትህን ነው፣ ሁሉም ነገር ቫይታሚን አይደለም። ለዚህ ነው ጥያቄ ያበዛሁበት።

እህተ ዶሮ
እኔ የምጨምረው አለኝ። ባለፈው ዓመት ጫጩቶቼ ደም ያለበት ኩስ ጀመሩ። ኮክሲ ነው፣ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋሲ በሽታ ተባልኩ፣ አምፕሮሊየም የሚባለውን መድኃኒት ሰጠሁ፣ ደሙ ቆመ። ከዚያ ግን እንዳይመለስ ብዬ ሳላቋርጥ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ቀጠልኩ፣ መጠኑንም በዓይን ነበር የምለካው። አንድ ቀን ስገባ አንዱ ጫጩት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ጀርባው አጥፎ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ኮከብ የሚቆጥር ነው የሚመስለው። በማርያም፣ መንፈስ የያዘው ነበር የመሰለኝ፣ ጠበል ልረጭ ነበር።

ቦርከና ዳር
እህቴ እሱ የቢ1 እጥረት ነው። መድኃኒቱ መልኩ ቢ1ን ይመስላል፣ የሚሠራውም እንደዚያ ነው፣ ጥገኛ ተሕዋሲውን በቢ1 ቦታ ገብቶ ያስርበዋል። መጠኑ ሲበዛና ሲረዝም ጫጩቷንም ያስርባታል። ስለዚህ በታዘዘው ቀን ማቆም ነው። ሌላው፣ ሕክምናው ላይ እያሉ ቢ1 ያለበት ቫይታሚን አብሮ አለመስጠት፣ መድኃኒቱን ያደክመዋል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ከዚያ ቫይታሚን።

የጦሳ ስር
የሦስተኛ ቀን ሪፖርት። የተያዙት በጠቅላላ 41 ደረሱ፣ ከትናንት ወዲህ ግን አዲስ የለም። ካርቶን ውስጥ ካሉት መጀመሪያ የያዛቸው እንዳሉ ናቸው። የኋለኞቹ ግን ዛሬ ጠዋት ቆመው አገኘኋቸው! አንዷ ካርቶኑን ዘልላ ወጥታ ከጓደኞቿ ጋር ተቀላቅላለች። ባለቤቴ ጠርታኝ ነው ያየሁት፣ ሁለታችንም እንደ ሕፃን ነው የሳቅነው።

ጋሼ ጥያቄ፦ ለጊዜው የፋብሪካ መኖ ገዝቻለሁ። ግን 3 ማዳበሪያ ሙሉ የኑግ ፋጉሎ ተርፎኛል፣ ከዘይት መጭመቂያ ቤት የገዛሁት። በኋላ በፕሪሚክስ ላሰናዳው እችላለሁ?

ቦርከና ዳር
መጀመሪያ አሽትተው። ከዚያ ትንሽ ቆንጥረህ ቅመሰው፣ አትሳቅ፣ የምሬን ነው። የኑግ ዘይት ቶሎ ከሚበላሹት ዘይቶች አንዱ ነው፣ የሰፈር መጭመቂያ ደግሞ ዘይቱን አሟጥጦ አያወጣም፣ ብዙው ፋጉሎው ላይ ይቀራል። እርጥበት ካገኘው ወይም ሰነባብቶ ከሆነ ዘይቱ ይነሳል፣ ማለትም ይበላሻል፣ ጉሮሮ ላይ ይከረክራል። የተነሳ ዘይት መኖው ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኢ ነው የሚበላው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያለ ጫጩት ኢ ሲያጣ አንጎሉ ነው የሚጎዳው፤ ይንገዳገዳል፣ በጀርባው ይወድቃል፣ እግሩን እየቀዘፈ አንገቱ ይጠመዘዛል። ሰው «ዕብድ ጫጩት» ይለዋል። እሱ ሲመጣብህ ነው ሰኞ ገበያ ፈንግል ቢልህ የማልፈርድበት፣ በዓይን ይመሳሰላሉ።

ሻጋታ ካየህበት ደግሞ ለምንም እንስሳ አትስጥ፣ ጣለው። ደህና ከሆነ ግን ጥሩ ፕሮቲን ነው፣ ተጠቀምበት።

ፕሪሚክስ ላይ፦ የተመረተበትን ቀን ሳታይ አትግዛ። ጠረጴዛ ላይ በሚያሳይ ላስቲክ እየተመዘነ የሚሸጠውን አልወደውም፣ ብርሃንና እርጥበት እያገኘው ነው የሚውለው። ለ1 ኩንታል ስንት ግራም እንደሚገባ ማሸጊያው ላይ አለ፣ ብዙ ጊዜ ከ250 እስከ 500 ግራም ነው፣ እንደ ዓይነቱ። ያቺን ቁንጣሪ ኩንታል ላይ ዝም ብለህ በተን ብታደርጋት አንዱ ጫጩት የ10ሩን ይበላል፣ ሌላው ምንም። መጀመሪያ ከ1 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ጋር በደንብ አዋህድ፣ ከዚያ ወደ 5 ኪሎ አድርሰው፣ ከዚያ ወደ 20፣ ከዚያ ወደ ሙሉው። በርበሬ በቅመም እንደምታዋህድ ሚስትህን ጠይቃት።

ሐረጎ ቁልቁል
«ሚስትህን ጠይቃት» ያሉት ነገር ነው ትልቁ ምክር።

ቢለን ሰፈር
ጣልቃ ልግባ። የኔ ጫጩት አንድ እግሯ ወደ ጎን ወጥቶ ቀርቷል፣ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፣ ከኋላ ያለው ጅማት ወደ ጎን ተንሸራቷል። ይሄም ቢ2 ነው? 4 ናቸው ከ80።

ቦርከና ዳር
አይደለም፣ እሱ የማንጋኒዝ እጥረት ነው የሚመስለው። ጅማቱ ከቦታው ከወጣ ግን አይመለስም፣ እነዚያን 4 እርሳቸው። የቀሩትን አድን። በቆሎ ማንጋኒዝ በጣም ትንሽ ነው ያለው፣ ፉርሽካ ግን ደህና አለው። ኖራና የአጥንት ዱቄት አብዝተህ ከሆነም ያባብሰዋል። ኮሊን የሚባለውም ሲጎድል እንዲሁ ያደርጋል፣ ስለዚህ ፕሪሚክሱን ፈትሽ። ጥርጣሬ ካለህ 2 ወይም 3 ታማሚ በሕይወት እንዳሉ ይዘህ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ና። ሞቶ ያደረ አታምጣ፣ የበሰበሰ ምንም አይናገርም።

እህተ ዶሮ
ነጭ በቆሎ ብቻ የምታበሉም ተጠንቀቁ፣ ቫይታሚን ኤ የለውም፣ ዓይናቸው እያበጠ ይጣበቃል። ጎመን ቆረጥ ቆረጥ አድርጋችሁ አንጠልጥሉላቸው። ይጫወቱበታልም።

የጦሳ ስር
ይሄን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝና ልዝጋው። 45 ቀን ሞላቸው። ከ41ዱ 6 ሞቱብኝ። 26ቱ ሙሉ በሙሉ ድነዋል፣ ከጤነኞቹ መለየት አልችልም። 9ኙ፣ አብዛኞቹ መጀመሪያ የያዛቸው ናቸው፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ አድገዋል፣ ጣታቸው ግን ተጠቅልሎ ቀረ። ነርቩ ከከረመ አይመለስም መሰለኝ። ማክሰኞ ያየኋትን ማክሰኞ ብጽፍ ኖሮ እያልኩ ይቆጨኛል፣ ኦክሲ ላይ ሦስት ቀን ነው ያባከንኩት።

270 ሸጫለሁ። 8 ለራሴ አስቀርቻለሁ። 9ኙን ግን ለሰው መሸጥ ሐፍረት ሆነብኝ፣ ጓሮ ለቅቄያቸዋለሁ። እንደ ዳክዬ ነው የሚሄዱት። ባለቤቴ ለአንዷ ስም አውጥታላታለች።

ጋሼ፣ እነዚህ እንቁላል ቢጥሉና ባስፈለፍል ጫጩቱም እንደነሱ ይሆናል?

ቦርከና ዳር
በዘር አይተላለፍም፣ አትስጋ። ግን እናቲቱ የምትበላው ቢ2 ከጎደለው እንቁላሉ ውስጥም ይጎድላል፣ ጽንሱ ሳይፈለፈል ይሞታል። ዞሮ ዞሮ ያው ከረጢቱ ጋ ነው የምትመለሰው። በርታ፣ ለሚቀጥለው ዙር ገና ጫጩቱን ሳታዝ ደውልልኝ፣ ስልኬን በውስጥ ልኬልሃለሁ።

እማማ ሰልማ
የኔ ልጅ፣ ስም ያልወጣለት ካለ ለበዓል አንዱን ለኔ አቆይልኝ። ጣቱ ቢጠቀለል ወጥ ውስጥ አይገባ።